ያልሞላው ቁም ሳጥን

ኡም ሃይሰም አንድ ሥራ ሠርተው ለሰው ካልተናገሩ የሠሩት አይመስላቸውም። ረቡዕ ማምሻውን ልጃቸው ሱንዱስ ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የእናቷ ድምፅ ከሳሎን ተቀበላት።

«ሱንዱስ! ቁም ሳጥኑን አጸዳሁት!»

«የልብሴን?»

«የልብስሽንማ አላህ ይርዳው። የስልኩን ነው እንጂ! ቀይ እያበራ ሲጨቀጭቀኝ የከረመውን።»

የስልኩ ቁም ሳጥን «ኸዛነ» ይባላል። አማን ከተማ ጀበል ልወይብደ ሰፈር ያለው፣ ሱንዱስ የምትሠራበት አነስተኛው የኡስታዝ ራጊብ ድርጅት ያበጀው ነው። ሰው ፎቶውንና ቪዲዮውን ከስልኩ እያነሳ እዚያ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ቢሰበርም ቢሰረቅም ያስቀመጠው አይጠፋም። እስከ 5 ጊጋባይት በነጻ ነው፤ ሞልቶበት ሌላ ቦታ የፈለገ ትልቁን ቁም ሳጥን ይገዛል። ኡም ሃይሰም ልጄ የሠራችው ነው ብለው ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ገቡበት፤ ከዚያም ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ጎረቤቱን አንድ በአንድ አስገቡ።

«ምን ምኑን ነው ያጠፋሽው?» አለች ሱንዱስ።

«እኔ ምን አውቄ! ሞልቷል አለኝ። ቀጥሎ ‹ትላልቆቹን በአንድ ጊዜ ላጥፋልዎ?› ሲለኝ እሺ አልኩት። ቅርጫት ውስጥ ናቸው ሲለኝ ቅርጫቱንም ደፋሁት። ቆሻሻ ቤት ውስጥ ያድራል እንዴ?»

ሱንዱስ ስልኩን ተቀብላ እንደቆመች ከፈተችው። የሠርጎቹ ፎቶዎች አሉ። የመቅሉባው ሩዝ አሠራር፣ የጎረቤት ድመት፣ በረዶ የጣለ ቀን፣ ሁሉም በቦታው አለ። «አቡ ሃይሰም» የሚለውን ስትነካው ግን ባዶ ነጭ ገጽ ወጣላት።

«እማ፣ የአባ ቪዲዮዎች የታሉ?»

«እዛው ናቸዋ።»

«የሉም።»

አባቷ አቡ ሃይሰም በአማንና በኢርቢድ መካከል አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ፣ ወሬያቸው ከመንገዱ የሚረዝም ሰው ነበሩ። ጉሮሯቸው ላይ ነቀርሳ ተገኘና ሐኪሙ፣ ማንቁርቱ ካልወጣ ሰውየው እንደማይተርፉ፣ ከወጣ ደግሞ ድምፅ እንደማይኖራቸው ተናገረ። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ኡም ሃይሰም ስልካቸውን ይዘው ባላቸውን በየክፍሉ ሲከተሉ ሰነበቱ። ሲቆጡ ቀዱ፣ ሲቀልዱ ቀዱ፣ ውሃ በሚለቀቅበት ቀን ጣሪያ ላይ ወጥተው ከጎረቤት ጋር ስለ ታንከሩ ሲጨቃጨቁ ቀዱ። አንዳንዴም ሰውየው ዝም ሲሉባቸው «ተናገር እንጂ፣ ያልቅብሃል!» እያሉ ይነተርኳቸው ነበር፤ እሱም ተቀድቷል። ቪዲዮዎቹ ረጃጅም ነበሩ። ረጃጅም ስለነበሩም ከሁሉ ትልልቆቹ እነሱ ነበሩ።

ዛሬ አቡ ሃይሰም ሊናገሩ የፈለጉትን አንገታቸው ላይ በገመድ ባንጠለጠሏት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። እናትና ልጅ ሲተያዩ ከወንበራቸው ሆነው ጻፉና ሰሌዳዋን ወደ ሚስታቸው አዞሯት። «ሐኪሙ አንዴ ዝም አሰኘኝ፣ አንቺ ደገምሽኝ» ትላለች።

ሊያስቋቸው ፈልገው ነበር። ኡም ሃይሰም ግን የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

ሱንዱስን ሌላም ነገር እረፍት ነሳት። ቁም ሳጥኑ ሊሞላ አይገባውም ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት እናቷ የቀዩን ማስጠንቀቂያ ፎቶ ልከውላት ነበር፤ «5 ጊጋባይት ከ5» ይላል። ስብሰባ ላይ ስለነበረች ልብ ሳትል «የማትፈልጊውን አጥፊያ» ብላ መለሰች። አሁን ስታስበው ግን ከረመዳን በፊት ገና ቦታ ነበረው፣ እናቷም ከዚያ ወዲህ ያስገቡት ነገር ከአንድ ሁለት ፎቶ አይበልጥም።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ እንደገባች ኮዱን ከፈተች።

ኮምፒውተር ያስቀመጠውን ሁሉ የሚቆጥረው በባይት፣ ማለትም በፍሬ በፍሬው ነው። አንድ ረጅም ቪዲዮ ቢሊዮን ፍሬ ይሆናል፤ ያን ቁጥር እንዳለ ቢያሳዩት ማንም አያነበውም። ስለዚህ በየፕሮግራሙ ውስጥ ያን ረጅም ቁጥር ተቀብላ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አካፍላ፣ አሳጥራ «4.6 ጊጋባይት» ብላ ለሰው ዓይን የምታቀርብ አንዲት ትንሽ የኮድ ቁራጭ አለች። የኸዛነን የጻፈቻት ሱንዱስ ናት፤ ድርጅቱን በተቀላቀለች ሰሞን፣ ሌላው ሁሉ ስለናቃት ለአዲስ ሰው የተጣለች ሥራ ነበረች። ሱንዱስ ግን ወደደቻት። እናቷ የሚያነቡት ቁጥር ከዚያች ከእሷ እጅ እንደሚወጣ ስታስብ ደስ ይላት ነበር።

በአካፋዩ ላይ ዓለም አልተስማማም። ገሚሱ በሺህ ያካፍላል፣ ገሚሱ በሺህ ሃያ አራት፤ ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው በትልቅ ቁና ተቀብሎ በትንሽ ቁና መስፈር ነው። ሱንዱስ ለተያዘውም ቦታ ለጠቅላላውም ቦታ አንዱን፣ ሺህ ሃያ አራትን ይዛ ነበር።

አሁን ቁናው ሁለት ሆኗል። ጠቅላላው እንደ ድሮው በሺህ ሃያ አራት ይካፈላል፤ የተያዘው ግን በሺህ። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ይበዛልና፣ አራት ነጥብ ስድስት ከምናምን የያዘ ቁም ሳጥን አምስት ሞላሁ ብሎ ቀይ ያበራል።

ከለውጡ አጠገብ ሁለት ስም አለ። የለወጠው ቁተይባ ነው። አንብቦ ያሳለፈው ደግሞ ሱንዱስ።

በእነሱ ሥራ የማንም ሰው ጽሑፍ ሁለተኛ ሰው ሳያነበው ወደ ፕሮግራሙ አይገባም። ደንቡ ይህ ነው፤ ልማዱ ግን ሌላ ነው። ሱንዱስና ቁተይባ አንዳቸው የሌላቸውን አያነቡም፤ «አንብቤዋለሁ» የምትለውን ቁልፍ ተጭነው ይተላለፋሉ። ወንድም የሰጠው ዳቦ ይቆጠራል እንዴ? ወንድሟም ነው። ቁተይባ ሲወለድ እናቱ ታማ ወተት ስላልነበራት፣ በራቸው ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት ኡም ሃይሰም አንዱን ጡት ለሱንዱስ፣ አንዱን ለእሱ እየሰጡ ሁለቱን አብረው አሳደጉ። አንድ ጡት የጠባ በእስልምና ወንድምና እህት ነው፤ መጋባት አይፈቀድላቸውም፣ እሷም እሱ ፊት ጸጉሯን አትሸፍንም። ኡም ሃይሰምን «እማ» እያለ አድጓል።

ለውጡን ያሳለፈችባትን ሐሙስ አሁን አስታወሰቻት። ረመዳን ሊገባ ሲል ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። «እህት ዓለም፣ ቁራጭ ነገር ናት፣ የቁጥር አጻጻፍ ማስተካከያ። ተጫኚልኝና እንሂድ» አላት። አንድ እጇን ካፖርት ውስጥ እየከተተች በሌላው ተጫነችለት። ከኢዱ በኋላ ቁተይባ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ኡም ሃይሰም የኩናፋ ጣፋጭ አስገዝተው ለሰፈሩ አደሉ።

ቁተይባን በቢሮው በረንዳ ላይ አገኘችው። በመራሚያ ቅጠል የፈላ ሻይ ይዞ ቁልቁል መኪናዎቹን ያያል።

«የተያዘውን ለምን በሺህ አካፈልከው?»

«ሰላምታ ቀረ እንዴ ዘንድሮ?»

«ቁተይባ።»

«በሺህም ይካፈላል እኮ! ዲስክ የሚሠራው ሁሉ በሺህ ነው የሚያካፍለው። ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«ጠቅላላውንስ?»

ሻዩን ፉት አለ። «ረሳሁት ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«በልና ልመንህ።»

«አልረሳሁትም» አለ። «ኡስታዝ ራጊብ በየስብሰባው ‹ሰዉ ትልቁን ቁም ሳጥን አይገዛም› እያለ ሲያለቅስ አልሰማሽም? ካልሞላበት ለምን ብሎ ይገዛል? ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲሞላ አደረግኩት። ቢዘገይ መሙላቱ ይቀር ነበር? ማንም አልተጎዳም።»

«ሞላብህ ተብሎ ያልገዛውስ ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል፣ ያጸዳላ!»

«እማ አጸዳች።»

ቁተይባ ሳቀ። «እማ መጥረጊያ ካነሳችማ አለቀልን። ምኑን አጸዳችው?»

«የአባን ድምፅ።»

ብርጭቆውን በረንዳው ጠርዝ ላይ አኖረው። ለአፍታ ያ የልጅነት ፊቱ፣ በኳስ የጎረቤት መስታወት ሰብሮ ከኡም ሃይሰም ቀሚስ ኋላ ሲደበቅ የነበረው ፊት ተመለሰ። ሱንዱስን ሊያራራት ቃጣ።

«ጠፍቶ አልጠፋም» አለ ፈጠን ብሎ። «የመጠባበቂያው ግልባጭ አለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ነገ ለምሳ ስመጣ በፍላሽ አድርጌ አመጣላታለሁ፣ ወላሂ።»

«ያጸዳችው እማ ብቻ አይደለችም። መጀመሪያ ልኩ ይመለስ። ከዚያ ለሰዉ ይነገር፣ ሳይሞላበት ያጠፋውም ያጠፋውን ያግኝ።»

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ቁልፉ አንተ ጋ ነው አላልክም?»

«ለሰው ሁሉ ከተነገረ ‹ማን ሠራው› ይመጣል። ያን ጊዜ የሚጠራው ስም የኔ ብቻ አይደለም፣ ሱንዱስ። አንብቤዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አላነበብኩትም! ስለማምንህ እኮ ነው ያላነበብኩት።»

«አውቃለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለዚህም ነው ላንቺ የሰጠሁሽ።»

ሊያቆስላት ብሎ አልነበረም። አንዴ እውነት መናገር ጀምሮ ነበርና ይህችም ተከትላ ወጣች። ሱንዱስን ግን ከሁሉም ይልቅ አጥንቷ ድረስ የገባችው ይህች ናት። ቢሮው ሙሉ ሰው ነበር፤ ለሌላ ሰው ቢሰጠው ያነብበት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሷን የመረጣት የማታይ እሷ ስለሆነች ነው።

«የእማን አመጣለሁ» አለ ቁተይባ። «አንቺም ነገሩን ተዪው። እኔና አንቺ እንዲህ ባለ ነገር አንከሳሰስም።»

ሱንዱስ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ያቺን ቁራጭ እንደነበረች አደረገቻት፤ ሥራው ከአፍታ አልፈጀም። ከሥሩ ግን በቀላል ቃል ጻፈችበት። ቁም ሳጥኑ ሳይሞላ ሞላ ይል እንደነበር፣ በዚህ የተነሳ ሰዎች ዕቃቸውን እንዳጠፉ፣ ለውጡንም ራሷ ሳታነብ እንዳሳለፈችው ጻፈችና፣ አንብቦ የሚያሳልፍላት ሁለተኛ ሰው ጠየቀች።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ሰውዬ አነበበው። አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ይሄ የቁተይባ ጉዳይ አይደል? እሱ ይየው» አለ። ከጎኑ ያለችው ልጅ አነበበችው፤ ራሷን አመማትና ቀደም ብላ ወጣች። በዚያ ቢሮ እንደዚያ ቀን የሰው ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነብቦ አያውቅም። ቁልፉን የተጫነ ግን አልተገኘም። ማምሻ ላይ ቁተይባ ራሱ ሲያነበው በመስታወቱ በኩል አየችው። ኮቱን አንጠልጥሎ በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አላለም።

እንግዲህ ፍላሹን ያመጣል? ወይስ አንቺ ካልተውሽ እኔም አላመጣም ይላል? የአባቷ ድምፅ ያለው በእሱ ኪስ ነው። ቤት ስትገባ ለእናቷ የተናገረችው «ቁተይባ ሊፈልግልሽ ነው» የምትለዋን ብቻ ነው። ኡም ሃይሰም ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። «ይሄን ልጅ ያጠባሁበት ቀን ይባረክ!» አሉ።

አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደወሉ ተደወለ። ቁተይባ የኡም ሃይሰምን እጅ ስሞ በግንባሩ ነካ፣ የአቡ ሃይሰምን ትከሻ ሳመ፣ ቀጥሎ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሱንዱስን ሳያያት ተቀመጠ።

«ሁሉም አለ፣ እማ። አንድም አልጎደለ።»

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው! አላህ ዘርህን ያብዛው! ጡቴ አልባከነም፣ እዩት ልጄን! ያቺ የወለድኳትማ የማትፈልጊውን አጥፊ ከማለት በቀር ምን ፈየደችልኝ...»

«እማ» አለች ሱንዱስ፣ «የምትመርቂበትን አውቀሽ መርቂው።»

«ዛሬ አርብ ነው፣ አትጣይኝ።»

«ቁም ሳጥንሽ አልሞላም ነበር።»

«ቀይ እያበራ?»

«ቀዩን ያበራው እሱ ነው። ሳይሞላ ሞላ እንዲል አድርጎ ሠራው። ሰው ደንግጦ ትልቁን እንዲገዛ።»

ኡም ሃይሰም መጀመሪያ የገባቸው አልመሰሉም። ፊታቸው ላይ የምርቃቱ ፈገግታ እንዳለ ወደ ቁተይባ ዞሩ። «ምንድነው የምትለው ይቺ? እውነት ነው?»

«እማ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አንቺ ላይ ይደርሳል ብዬ...»

«እውነት ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«እውነት ነው።» ምራቁን ዋጠ። «ግን ሱንዱስም አሳልፋዋለች። ስሟ አለበት።»

ኡም ሃይሰም ልጃቸውን አዩ። «ሳታነቢ?»

«ሳላነብ።»

የአቡ ሃይሰም ብዕር ሰሌዳዋ ላይ ስትንቋቋ ተሰማች። ጽፈው ሲጨርሱ በመጀመሪያ ለቁተይባ፣ ቀጥሎ ለሱንዱስ አሳዩ። «የኡም ረቢዕስ?»

ኡም ረቢዕ ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤት ናቸው። ብቸኛ ልጃቸው መርከበኛ ነው፤ ዓመት ጠብቆ ይመጣል፣ የቆየበትን ቀን ሁሉ እናቱ በቪዲዮ ቀድተው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያስቀሩታል።

ሱንዱስ ስልኳን ከፍታ ያን ያረመችውን ገጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ወደ ቁተይባ ገፋችው።

«አንብብና ተጫን። ዛሬ ከተጫንከው ዛሬ ይስተካከላል። ለሰዉ የሚነገረውን እሁድ ሥራ ስንገባ አብረን እንጽፋለን፣ በሁለታችን ስም።»

ቁተይባ አነበበ፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበ። ጣቱ ቁልፉ አጠገብ ደርሳ ቆየች። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ መለሰላት።

«ምን አገኘህበት?»

«ምንም። ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

«እሁድ ከኡስታዝ ራጊብ ጋር ተነጋግሬ...» ሳይጨርሰው ተወው።

አቡ ሃይሰም ፍላሹን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ቁተይባ ዘረጉት። የራሳቸውን ድምፅ ነበር የሚመልሱለት። ኡም ሃይሰም ከእጃቸው መነተፏቸው።

«አንተ ባትፈልገው እኔ እፈልገዋለሁ! ያንተ አይደለም፣ የኔ ነው!» ብለው በጭብጣቸው ጨብጠው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

የተመለሱት መንሰፉን ይዘው ነው። ሥጋው በጃሚድ እርጎ ተቀቅሎ ሩዙ ላይ ተከምሯል። ትሪውን በባላቸው ፊት አስቀመጡና እንደገና ገቡ፤ ሁለት ሳህንና ሁለት ማንኪያ አመጡ። በዚያ ቤት ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ በእጁ ይበላል፤ ሳህን የሚወጣው ለቧንቧ ሠራተኛ ወይም ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ኡም ሃይሰም ከትሪው ጨልፈው አንዱን ሳህን ቁተይባ ፊት አኖሩ። ቁተይባ አየው፣ ቀና ብሎም እሳቸውን አያቸው። ሁለተኛውን ሞሉና ሱንዱስ ፊት አኖሩት።

«እማ...»

«ብሉ» አሉ ኡም ሃይሰም ማንንም ሳያዩ። «ይቀዘቅዛል።»

ራሳቸው ከትሪው ጫፍ ተቀመጡ። አቡ ሃይሰም ሩዙን በእጃቸው እያድበለበሉ ዓይናቸውን አላነሱም። ቁተይባ ማንኪያውን አነሳ፤ ሳህኑን ሲነካው ኳኳታው ለቤቱ በዛበት። ሱንዱስ ሳትቀምስ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ቁተይባ።

«ወደ ኡም ረቢዕ።»

«ሱንዱስ፣ ተይ። እንደ ወንድም ነው የምለምንሽ።»

«ስትለምነኝ አንዴ ሰምቼሃለሁ» አለች።

ደረጃውን ወርዳ አንኳኳች። ኡም ረቢዕ እጃቸውን በፎጣ እያደራረቁ ከፈቱ፤ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«አህለን፣ አህለን! እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«አይ፣ እኔው ነኝ። ኡም ረቢዕ፣ ያ ቁም ሳጥን... ስልኩ ላይ ያለው፣ ቀይ ያበራብዎት ነበር?»

«ኡፍ፣ ሲያሰቃየኝ! ዛሬስ ደህና ነው። እናትሽን አላህ ይስጣት፣ ረቡዕ ዕለት ወርዳ አሳየችኝ። አንዲት ነገር ነክቼ አራገፍኩት፣ ቅርጫቱንም ደፋሁት።»

ሱንዱስ የበሩን መቃን ያዘች። «ያራገፉት ምን ምን ነበር?»

«እሱን እንኳ አላየሁትም» አሉ ኡም ረቢዕ። «አንቺ የሠራሽው አይደል? አምኜ ነው የነካሁት። ግቢ እንጂ ልጄ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሻል?»